እሳት የማይችለው ሉል

ብር ያለ እሳት አይሠራም። ይቀልጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ሲጠነክር እንደገና ይሞቃል፣ ይበየዳል፣ አሲድ ውስጥ ይነከራል፣ ይሞረዳል። የፈለጋችሁትን ያህል ብታሠቃዩት ይችለዋል። ከተበላሸም ታቀልጡትና ከሀ ትጀምራላችሁ። ገበያ ላይ ፐርል የምንለው ሉል ግን ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አይችልም። እሳት ያጠቁረዋል፣ ይሰነጥቀዋል። አሲድ ይበላዋል። ብርጭቆ ወረቀት ቆዳውን ይገፈዋል። የወጥ ቤት ኮምጣጤ እንኳን ቀስ እያለ ያሟሟዋል።

ስለዚህ ሁለቱን አንድ ጌጥ ላይ ማዋል ከሁሉም በላይ የቅደም ተከተል ሥራ ነው። እሳትና አሲድ የሚነካው ነገር ሁሉ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ብየዳው፣ ማጽዳቱ፣ ሞረዱ፣ ማጥቆሩ፣ ማንጸባረቁ። ሉሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ «ይቺን ጫፍ ትንሽ ልበይዳት» ማለት የለም። እኔ የእጅ ሥራ ጌጥ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ሉሉና ብሩ የተገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ሠሪው አስቦበት ይሁን ወይም ሙጫ አፍስሶ ገላግሎት ይሁን እዚያች ቦታ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚያች ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ሰሞኑን የያዝኩትን ሥራ ላሳያችሁ። የአንገት ጌጥ ነው። ሉሉ ክብ አይደለም። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላው ያበጠ፣ አናቱ አካባቢ ሊጥ በጣት ተጭነው የተውት የመሰለ ስርጉድ አለው። ነጭ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። መስኮት አጠገብ ሳዞረው ግን ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ስርጉዱ ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ ቢጤ አለ። ይሄ ቀለም የተቀባ አይደለም። የሉል ቆዳ አራጎናይት በሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት የተሠሩ ጥቃቅን ሰሌዳዎች ተደራርበው የሚፈጥሩት ነው። የአንዷ ሰሌዳ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ አካባቢ ብትሆን ነው። በመካከላቸው ሉሉ የሚያድግበት የዛጎል እንስሳ ራሱ የሚያመነጨው ፕሮቲን አለ፣ እሱ ነው የሚያያይዛቸው። ብርሃን እዚያ ድርብርብ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ነው ቀለሙ የሚወለደው። አሁን እሳት ለምን እንደማይችል ገባችሁ? ፕሮቲኑ ይቃጠላል። ድርብርቡ ይላቀቃል። ቀለሙም አብሮ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቱ ጋ ይበሳ የሚለው ነው። ሉሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለብዙ ቀን ሳየው ከረምኩ፣ ጠዋት በፀሐይ፣ ማታ በመብራት። ቀዳዳው የሚሆነው ባለቤቷ ስትለብሰው ማንም የማያየው ጎን ላይ መሆን አለበት፣ ግን ደግሞ ሚዛኑን የሚጠብቅ ቦታ ካልሆነ ጌጡ አንገት ላይ ይገለበጣል። ጀማሪዎች ጉድለት ያለበትን ጎን መርጠው ይበሱና ጉድለቱን በብር ይሸፍኑታል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የእኔ ሉል ላይ ግን ስርጉዱ ነው ውበቱ፣ ስለዚህ ስርጉዱ ይታያል፣ የሚደበቀው ጠፍጣፋው ጎን ነው።

ከዚያ መሰርሰር። የመሰርሰሪያው ጫፍ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በዝግታ ይዞራል፣ በየመሀሉ ይወጣል፣ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ እንደገና ይገባል። ከተቸኮለ ሉሉ ውስጡ ይሞቅና ቀዳዳው አፍ ላይ ቅርፊቱ ይነሳል። ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ ሽታውም የተቃጠለ ጥፍር ነው። ይሄን ዱቄት አትተንፍሱት፣ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ማስክ አድርጉ። ቀዳዳው እስከ ወዲያኛው ጎን አይዘልቅም። ከሉሉ ውፍረት ሁለት ሦስተኛው ድረስ ገብቶ ይቆማል።

ብሩ በኩል ደግሞ ሁለት ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንደኛው ሉሉ የሚቀመጥበት ትንሽ ሳህን ነው። ሁለተኛው ከሳህኑ መሀል የሚነሳ አጭር የብር ሽቦ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው። ሽቦው ልሙጥ ከሆነ ሙጫ አይዘውም። ስለዚህ በመጋዝ ጫር ጫር ይደረጋል፣ ወይም አራት ማዕዘን ሽቦ ተወስዶ በጉጠት ይጠመዘዛል። እኔ የሚጠመዘዘውን እመርጣለሁ፣ ሙጫው ጥምዝምዙ ውስጥ ገብቶ ይቆልፋል። ሙጫው ሁለቱ ዓይነት ተደባልቆ የሚደርቀው ኢፖክሲ ነው፣ በስንጥር ጫፍ የምትወሰድ ያህል ብቻ። ሉሉ ከገባ በኋላ በጠርዙ ሙጫ ብቅ ካለ በዝቷል ማለት ነው። እስከ ማግስቱ ማንም አይነካውም።

በጣም የማደንቀው ነገር አለ። ይሄ ሁሉ ልፋት ተለፍቶ መጨረሻ ላይ የሚታይ ምንም ነገር የለም። ሽቦው አይታይም፣ ቀዳዳው አይታይም፣ ሙጫው አይታይም። ሉሉ ብሩ ላይ ዝም ብሎ ያረፈ ነው የሚመስለው።

ብር ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ሉል ነክተው አያውቁም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንገት መስቀል፣ ቀለበትና አምባር ነው የሠሩት። የእጃቸው ትምህርት የመጣው ከማርትሬዛ ብር ነው፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን ያንን ትልቅ ሳንቲም እያቀለጡ ነው ያደጉት። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። በአገራችን ስንቱ መስቀል፣ ስንቱ የእግር አልቦ፣ ስንቱ ድሪ ከዚያ ሳንቲም ወጥቷል! ሠሪዎቹ ግን ክብር አላገኙበትም። ቀጥቃጭ ተባሉ፣ ቡዳ ተባሉ፣ ጌጡን አንገቱ ላይ አድርጎ ሠሪውን የሚሸሽ ሕዝብ መሀል ኖሩ። ይሄ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሉሎች ይዤላቸው ስሄድ ጋሼ በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩዋቸው። «ልጄ፣ ይሄ የት ነው የሚበየደው?» አሉኝ። አይበየድም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ብሩ ነው መታዘዝ ያለበት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሥራ ያነበብኩትና በቪዲዮ ያየሁት ሁሉ ከዚህች አባባል የሚያልፍ አልሆነልኝም።

ብሩ እንዴት ይታዘዛል? አንዱ መንገድ ሰም ነው። ጋሼ መስቀል ሲያወጡ ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ሠርተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን በሙቀት አፍስሰው፣ ባዶው ውስጥ የቀለጠ ብር ይሞላሉ። በአክሱምም በሌላም ቦታ የቆየ አሠራር ነው። ይሄንኑ ለሉል ማዋል ይቻላል። ለስላሳ ሰም ሉሉ ላይ ጫን ታደርጉና የሉሉን ጎን በትክክል እንዲቀዳ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ሉሉን አውጥታችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ እሳቱን የሚያየው ሰሙ ብቻ ነው። ብሩ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ስለሚኮማተር መጀመሪያ ላይ ሉሉ አይገባም። በሞረድ እየሞከሩ፣ እየለኩ፣ እንደገና እየሞረዱ ማስገባት ነው። ልክ ሲገጥም በጣት ይታወቃል፣ መወዛወዙ ይቆማል። ይሄን በማሽን ተቆርጦ የመጣ ዝግጁ ሳህን ሊሰጣችሁ አይችልም፣ እሱ የተሠራው ለክብ ሉል ነውና።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ክብ፣ ነጭ፣ እኩል የሆነ ሉል አልወድም። ማለቴ ያምራል፣ ግን የሚለው ነገር የለውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ብር ሠሪው ምን ሊያስብ ነው? ጠማማው ሉል ግን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። አውሮፓውያን ይሄን ከ400 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ በዚያ ዘመን ስልት የተሠራ የካኒንግ ጌጥ የሚባል አለ። ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ ምስል ነው። ደረቱ ሙሉ በሙሉ አንድ ጠማማ ሉል ነው። ወርቅ አንጥረኛው ሉሉን አየና የሰው ደረት ታየው፣ ከዚያ ጭንቅላቱን፣ ክንዱን፣ ጅራቱን በወርቅና በኢናሜል (ብረት ላይ ቀልጦ በሚለጠፍ ባለቀለም መስታወት) ጨመረለት። ሉሉን ከምስሉ ጋር ለማስማማት አልሞከረም። ምስሉ ራሱ ከሉሉ ነው የወጣው።

ከዘመናችን ሠሪዎች ደግሞ የሜላኒ ጆርጋኮፖሎስን ሥራ ፈልጋችሁ እዩ። የምትሠራው ለንደን ነው፣ ከጌጥ በፊት የተማረችው ቅርጻ ቅርጽ ነው። ሉልን በመጋዝ ትቆርጠዋለች! ለሁለት ገምሳ ውስጡን ወደ ውጭ ታዞረዋለች። መጀመሪያ ሳየው ደነገጥኩ። ሉል ተብሎ የሚከበረው ነገር ሁሉ ቆዳው ላይ ነው ብለን ነበር የምናስበው። ተቆርጦ ሲታይ ግን ንብርብሩ ይወጣል፣ መሀሉም ይታያል። በብዙ የባሕር ሉሎች መሀል ሉሉ እንዲያድግበት ሰው ዛጎሉ ውስጥ ያስገባው ክብ ፍሬ አለ፣ ያ ፍሬ ራሱ ከወንዝ ዛጎል ተሞርዶ የተሠራ ነው፣ በአብዛኛው ከአሜሪካ ወንዞች ከሚወጣ ዛጎል። በላዩ ያለው እውነተኛው የሉል ቆዳ አንዳንዴ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። ይሄን ሁሉ በአንድ ቀለበት አሳየችን፣ ወርቁም የተቆረጠውን ጠርዝ ከመሸፈን ይልቅ በቀጭኑ ይከተለዋል።

ሉሉ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እውነቱን ነው የምነግራቸው፣ ከቻይና ነው። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ከሚያድገው የዓለም ሉል አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ንግዱም ዠጅያንግ ውስጥ ዡጂ በምትባል ከተማ ዙሪያ የተከማቸ ነው። በአንድ ዛጎል ውስጥ እስከ 50 ሉል ሊያድግ ይችላል። ፍሬ ሳይሆን ከሌላ ዛጎል የተቆረጠ ትንሽ ሥጋ ብቻ ስለሚገባበት ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ የሉል ቆዳ ነው። ጠማማ የሚሆነውም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ የሚያከብበው ፍሬ የለውም። «ቻይና» ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ደንበኞች አሉ። እኔ ግን ለእጅ ሥራ የተመቸ፣ ሙሉ ቆዳ ያለው፣ እያንዳንዱ የየራሱ መልክ ያለው ሉል በዚህ ዋጋ ከየትም አላገኝም።

አክስቴ ባሕሬን ለብዙ ዓመት ሠርታለች። ስትመለስ አሠሪዋ የሰጠቻትን ጥንድ የጆሮ ጌጥ ይዛ መጣች፣ 21 ካራት ወርቅ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ሉሎች ተሰክተዋል። በማጉያ መነጽር አየኋቸው። ሁለቱ ጎን አንድ አይደለም፣ አንዱ ላይ ያሉት ወደ ክሬም ይሄዳሉ፣ ሌላው ላይ አንዷ ሉል ትንሽ ሞላላ ናት። ወርቅ ሠሪው ለእያንዳንዷ ሉል የወርቁን ሽቦ ርዝመት ለዋውጦላታል፣ አናታቸው አንድ መስመር ላይ እንዲውል። ማን ያየዋል ብሎ ነው? ግን ሠርቶታል።

ባሕሬን ውስጥ ሰው ያረባውን ሉል መነገድ በሕግ የተከለከለ ነው። የሚሸጠው ከባሕር በራሱ የተገኘ ብቻ ነው። የዚህን ክልከላ ክብደት ለመረዳት ያ አካባቢ ምን እንደደረሰበት ማወቅ ያስፈልጋል። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ለሺህ ዓመታት በሉል ኖረዋል። ጠላቂዎቹ በየዓመቱ በሞቃቱ ወቅት ለወራት ባሕር ላይ ይከርማሉ፣ እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው በአንድ ትንፋሽ ወርደው ዛጎል ለቅመው ይወጣሉ፣ ከነጋዴና ከመርከብ አዛዥ በተበደሩት ዕዳ ተይዘው ዓመት ይጠብቃሉ። ከዚያ በጃፓን ቶባ የኑድል ቤት ልጅ የነበረው ኮኪቺ ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ዛጎል ውስጥ ሉል ማብቀል ተሳካለት፣ መጀመሪያ ግማሽ ክብ፣ ቆይቶ በሌሎችም ተመራማሪዎች ዘዴ ሙሉ ክብ። በ1920ዎቹ የጃፓን ሉል አውሮፓ ገባ። የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ተጨመረበት። በ1930ዎቹ የባሕረ ሰላጤው የሉል ንግድ ተንኮታኮተ። ባሕሬን በ1932 ነዳጅ ባታገኝ ኖሮ ምን ይበሉ ነበር? ሙሐረቅ ከተማ ውስጥ ያሉት የሉል ነጋዴዎች ቤቶችና የባሕሩ ዛጎል ሥፍራዎች በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። አክስቴ በዚያ በኩል ብዙ ጊዜ አልፋለች፣ ውስጡ ገብታ ግን አታውቅም፣ የእረፍት ቀኗ አንድ ነበር።

የዋጋውን መውደቅ በአንድ ታሪክ ብቻ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1917 የፈረንሳዩ ጌጥ ቤት ካርቲየር ኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ ያለውን ሱቁን የገዛው በ100 ዶላርና በአንድ ባለ ሁለት ረድፍ የሉል ሀብል ነው። ሀብሉ ያኔ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ያው ሀብል በ1957 ለጨረታ ሲቀርብ 200 ሺህ ዶላር እንኳን አላወጣም። ሕንፃው ግን እስከ ዛሬ ካርቲየር ነው።

ቀይ ባሕርም ሉል ነበረው። ከዳህላክ ደሴቶች ይወጣ ነበር፣ ንግዱም በምጽዋ ያልፍ ነበር። ከደጋው ብር ሠሪ እስከዚያ ባሕር ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሆኖም በእጄ ገብተው ያየኋቸው የቆዩ የብር ጌጦቻችን ላይ አምበር አለ፣ ቀይ ዶቃ አለ፣ የብር ፍሬ አለ፣ ሉል ግን አላየሁም። ሉሉ ወደ ሀብታም ገበያ ነበር የሚሄደው። አሁን ዋጋው እጅ ላይ የሚደርስ ሲሆን ግን ብር ሠሪዎቻችን ለምን አይሞክሩትም እላለሁ። ሰም የሚያውቅ እጅ አላቸው። ከፀጉር የማይወፍር የብር ሽቦ አጥፈው አበባ የሚያወጡ፣ ጥቃቅን የብር ጠብታዎችን ደርድረው የሚበይዱ ሰዎች ናቸው። ያንን ሥራ ከልሙጥ ሉል ጎን ስታስቀምጡት ሁለቱም ይደምቃሉ። ሽቦው ብርሃኑን ይሰባብረዋል፣ ሉሉ ይሰበስበዋል።

ስለ አያያዝ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጌጥ የሚበላሸው ቤት ውስጥ ነው። ሽቶና ቅባት መጀመሪያ፣ ሉል መጨረሻ። ስታወልቁት በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፣ ላብም ትንሽ አሲድነት አለው። ብር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ አትንከሩት። ወርቅ ቤት ወስዳችሁ በሚንቀጠቀጠው ማሽን «ይታጠብልኝ» አትበሉ፣ ሉል መኖሩን የማያይ ሠራተኛ ሊያጋጥም ይችላል። ሀብል ከሆነ በሐር ክር የተሰካና በየሉሉ መሀል ቋጠሮ ያለው ይሁን፣ ቢበጠስ አንዷ ብቻ ናት የምትወድቀው። እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁም ቀዳዳውን በማጉያ መነጽር እዩት። አስመስሎ የተሠራው ላይ ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ይላጣል፣ ከሥሩ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ብቅ ይላል።

አሁን ደግሞ አንዲት ደንበኛ የአንገት መስቀል መሀል ላይ ሉል አድርጊልኝ ብላኛለች። ጋሼን አማከርኳቸው። መጀመሪያ ቅር ያላቸው መሰለኝ፣ መስቀል ላይ ጌጥ ማብዛት አይወዱም። ከዚያ ግን እመቤታችን ዕንቈ ባሕርይ፣ ማለትም ሉል፣ ተብላ እየተወደሰች ሉል መስቀል ላይ ቢሆን ምን ነውር አለው አሉ። ችግሩ ሌላ ነው። የአንገት መስቀል ቀንና ሌሊት አይወልቅም። ላብ ያገኘዋል፣ ሳሙና ያገኘዋል፣ ልጅ ይጎትተዋል። ብሩ ለልጅ ልጅ ይደርሳል፣ ሉሉ እንደዚህ እየተለበሰ ያን ያህል ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ሉሉን ትንሽ ወደ ውስጥ በገባ ሳህን ላይ ላስቀምጠውና ጠርዙ እንዲከልለው አስቤያለሁ። ሽቦውን ደግሞ በዚህ ጊዜ ሳህኑ ላይ አልበይደውም። ከጀርባ በብሎን የሚገባ ይሆናል፣ ሉሉ ሲያልቅ ብሎኑ ተፈትቶ ሌላ እንዲገባበት፣ መስቀሉም እንደገና እሳት እንዳያይ። የመጀመሪያውን ብሎን ከመዳብ ሠርቼ ሞክሬዋለሁ፣ ጥርሱ ይዟል። ጋሼ ጭንቅላቱ በዝቷል፣ ደረት ይቧጭራል ብለዋል፣ እሱን እየሞረድኩ ነው።